ሴቭ ሳታደርጉ ከስዊቹ አትነሱ

የተከበራችሁ ሰልጣኞች፣ ቤተሰቦች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንደምን ዋላችሁ!

አዘጋጆቹ «ስለ ስዊች መሠረታዊ ኮማንዶች ለልጆቹ ንገርልን» ሲሉኝ ወዲያው ነው እሺ ያልኩት። ስዊች ማለት ኮምፒውተሮችን በኬብል በአንድ ኔትወርክ የሚያገናኘው ሣጥን ነው፤ ኮማንድ ደግሞ ጽፈን የምንሰጠው ትዕዛዝ። እኛ እኮ አንተዋወቅም የምንባል ሰዎች አይደለንም። እዚህ ጎንደር ከአዘዞ እስከ ማራኪ ያለውን ስዊች ከነአቧራው የምናውቀው እኛ ነን። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቀድሞ የሚጮኸው የእኛ ስልክ ነው።

ኮማንዱ ብዙ ነው። ዛሬ የመጣሁት ግን በዋናነት ስለ አንዱ፣ ሥራችንን ሴቭ ስለምናደርግበት፣ ለመናገር ነው። የምናገረውም አብዛኞቻችን እጃችን ላይ ስላለው ስለ ሲስኮ ኩባንያ ስዊች ነው።

ላፕቶፑን ከስዊቹ ጋር የሚያገናኘውን ኮንሶል ኬብል ሰካችሁ። የመገናኛውን ፍጥነት 9600 አደረጋችሁ። የ«>» ምልክት መጣ። እዚህ ላይ ጥቂት ነገር ማየት እንጂ መቀየር የለም። «ኢኔብል» ስትሉ ምልክቱ «#» ይሆናል። «ኮንፊገር ተርሚናል» ስትሉ ደግሞ መቀየር ትጀምራላችሁ። ከዚያ በኋላ የምትጽፉት መስመር ኢንተር እንደተጫናችሁ ሥራ ይጀምራል። ሰውን የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። ኔትወርኩ ሠራ፣ ሰዉ አመሰገነ፣ ላፕቶፑ ተዘጋ። የጻፋችሁት ነገር ግን ያለው ራም በሚባለው ጊዜያዊ ሜሞሪ ላይ ነው። ራኒንግ ኮንፊግ፣ ማለትም አሁን እየሠራ ያለው ቅንብር፣ የምንለው እሱ ነው። በጠመኔ እንደተጻፈ ጥቁር ሰሌዳ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ይጠረጋል። ስዊቹ ሲነሳ የሚያነበው ስታርታፕ ኮንፊግን ነው። እሱ መብራት ቢጠፋም በማይጠፋ ሜሞሪ ላይ ይቀመጣል። ራኒንጉን ወደዚያ ለማሻገር «ኮፒ ራኒንግ-ኮንፊግ ስታርታፕ-ኮንፊግ» ትላላችሁ። ባጭሩ «ራይት ሜሞሪ» ብትሉም ያው ነው። ሰከንዶች ነው የሚፈጀው።

አሁን ሆዴ ውስጥ ወዳለው ነገር ልምጣ።

እዚሁ ከተማችን አንድ መሥሪያ ቤት አለ፤ ስሙን አልጠራም። ኔትወርኩን የዘረጋለት ከሌላ ቦታ የመጣ ድርጅት ነው። ሥራው ሲያልቅ ርክክብ ተፈረመ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ክፍያ ተለቀቀ። ሁሉም ነገር ይሠራ ነበር። አንድ ሰኞ ሊነጋጋ ሲል መብራት ጠፋ። የዩፒኤሱ ባትሪ ደክሟል። መብራት ሲመለስ ስዊቹ ተነሳ፤ አረንጓዴዎቹ መብራቶች እየተንቦገቦጉ ነው። ሥራ ግን የለም! ከደባት፣ ከአምባ ጊዮርጊስ በሌሊት ተነስተው የመጡ ባለጉዳዮች በረንዳው ላይ ተኮልኩለዋል። አንዲት እናት ወረቀታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘዋል። «ሲስተም የለም፣ ነገ ይምጡ» አሏቸው። የት አድረው ነው ነገ የሚመጡት?

ተጠርቼ ሄድኩ። «ሾው ቪላን ብሪፍ» አልኩ። ቪላን ማለት አንዱን ስዊች ለየክፍሉ የተለያየ ኔትወርክ አድርገን የምንከፍልበት ነው። ቪላኖቹ በየስማቸው አሉ። ውስጣቸው ግን አንድም ፖርት፣ ኬብል የሚሰካበት ቀዳዳ፣ የለም። ፖርቱ ሁሉ ያልተመደበ ፖርት በሚያርፍበት ቪላን 1 ውስጥ ገብቷል። «ሾው ስታርታፕ-ኮንፊግ» ስል ባዶ ነው። ነገሩ እዚያው ፍንትው አለ። የቪላኖቹ ዝርዝር ለብቻው ፍላሽ በሚባለው የማይጠፋ ሜሞሪ ላይ ቪላን ዳት በሚባል ፋይል ስለሚቀመጥ ተርፏል። የትኛው ፖርት የየትኛው ቪላን እንደሆነ የሚናገረው መስመር ግን ራኒንግ ኮንፊግ ውስጥ ብቻ ነበር። ያ ሁሉ ባለሙያ ሲገባ ሲወጣ «ራይት ሜሞሪ» ያለ ሰው አልነበረም። የተጻፈ ሰነድም አልተዉም። እስኪመሽ ድረስ ኬብል በኬብል እየተከተልን መለስነው።

ጥፋቱ በማን ላይ ወደቀ? በመሥሪያ ቤቱ የአይቲ ልጅ ላይ! ዝርጋታው ሲካሄድ ፓስወርድ እንኳን ባልሰጧት ልጅ ላይ ማስጠንቀቂያ ተጻፈ። ይሄ ነውር ነው! ገንዘቡን የተቀበለው ሄዷል፣ የፈረመው አለቃ ወንበሩ ላይ ነው፣ የተቀጣችው እሷ ናት። «መብራት ነው ያጠፋው» የሚሉም አልጠፉም። መብራት እንደሚጠፋ ጎንደር ውስጥ የማያውቅ ሰው አለ? እንደሚጠፋ እያወቁ ሴቭ ሳያደርጉ ማስረከብ የሰው ቀን መስረቅ ነው!

ከዛሬ ጀምሮ ርክክብ ላይ ስትቆሙ አትፈሩ። አለቃ ቢቆጣም አትፈሩ። ስዊቹን ከግድግዳው ሶኬት ንቀሉት፣ መልሱ፣ ጠብቁ። ተነስቶ ካልሠራ አትፈርሙ!

ሌላውን በአጭሩ ልበል። ፖርት አልሠራ ሲል ኬብል ለመቀየር አትሩጡ። መጀመሪያ «ሾው ኢንተርፌስስ ስታተስ» በሉ። ኤረር ዲሴብልድ ካለ ፖርቱን ስዊቹ ራሱ ነው የዘጋው። ምክንያቱን አስወግዱና «ሻትዳውን» ብላችሁ ዝጉት፣ ከዚያ «ኖ ሻትዳውን» ብላችሁ ክፈቱት።

ትራንክ ላይ፣ ማለትም የብዙ ቪላን መረጃ በአንድ ኬብል በሚያልፍበት መስመር ላይ፣ ቪላን ስትጨምሩ «አድ» የምትለዋን አትርሱ። እሷ ከሌለች አዲሱ ቪላን ብቻ ቀርቶ የነበሩት ሁሉ ይወጣሉ።

ከሩቅ ሆናችሁ የምትነኩ ከሆነ ደግሞ ቀድማችሁ «ሪሎድ ኢን 10» በሉ። ራሳችሁን ቆልፋችሁ ብትወጡ በ10 ደቂቃ ውስጥ ስዊቹ ራሱ ጠፍቶ ይነሳና ሴቭ ወደተደረገው ቅንብር ይመለሳል። እዚህ ላይ ሴቭ የሚደረገው ሁሉም መሥራቱ ከታየ በኋላ ነው፤ ከዚያ «ሪሎድ ካንስል» ብላችሁ ሪሎዱን ሰርዙ።

አዘጋጆቹ አንድ ነገር ፈቅደውልኛል። ቀጥሎ ባለው ክፍል ስዊቾቹ ተደርድረዋል። ከሻይ በኋላ እያንዳንዳችሁ ቪላን ትሠራላችሁ፣ ፖርት ታስገባላችሁ። ስትጨርሱ እኔው መጥቼ ኃይሉን እነቅላለሁ። ስዊቹ ከነፖርቶቹ የተነሳለት ሰርተፊኬቱን ይወስዳል፤ ያልተነሳለት ደግሞ ቁጭ ብሎ እንደገና ይሠራል። አመሰግናለሁ።