የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ አንቴናው ነው ወይስ ገመዱ?

በዚህ ሳምንት የደወሉልን አድማጮች ከሞላ ጎደል አንድ ጉዳይ ይዘው መጡ፤ የቴሌቪዥን አንቴና። ገሚሱ ማሰቀል ስንት ያስወጣል ይላል፣ ገሚሱ ደግሞ ከፍሎ አሰቅሎም ምስሉ እየተቆራረጠበት ተማሯል። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያለሁ፤ መልሱን ግን በአየር ላይ ካልኩት ትንሽ አስፍቼዋለሁ።

«ለአንድ ቤት ሁለት ባለሙያዎችን ዋጋ ጠየቅሁ። የአንደኛው የሌላኛው እጥፍ ሆነ። አንቴናው ግን ያው ነው። እየተታለልኩ ይሆን?»

ላይሆን ይችላል፣ እኅቴ። ብዙ ሰው አንቴናውን የሥራው ዋና ወጪ አድርጎ ያያል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ከሂሳቡ ትንሹ ክፍል እርሱ ነው። ገንዘቡን የሚበላው ከፍታው ነው። ዝቅ ካለ ግድግዳ ላይ አንድ ሰው በመሰላል ወጥቶ ሥራውን ይጨርሳል። ጣሪያው ከፍና ቁልቁል ሲሆን ግን ሁለት ሰው፣ የደኅንነት ገመድና ረጅም ምሰሶ ይጠይቃል። ቀጥሎ የገመዱ ርዝመት አለ፣ ግድግዳ መብሳት አለ፣ የሚገናኙት ቴሌቪዥኖች ብዛት አለ። ሁለቱ ባለሙያዎች ምናልባት ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ነው የተመኑልዎ።

ስለዚህ ድምሩን ትተው ዝርዝሩን ይጠይቁ። ገመዱ አዲስ ነው ወይስ አሮጌው ይቀጥላል? የገመዱ መከለያ ስስ የሽቦ መረብ ብቻ ነው ወይስ ከሥሩ የብረት ወረቀትም አለው? ከሁሉ በላይ፣ ምሰሶውን ከማሰራቸው በፊት ሲግናሉን በመለኪያ ይለካሉ? ይህን ጥያቄ አጥብቄ የምይዘው ያለ ምክንያት አይደለም። በ500 ሜጋኸርዝ የሚጓዝ ሞገድ ርዝመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ከማሰራጫው ማማ በቀጥታ የሚመጣውና ከሕንፃ ተንጸባርቆ የሚመጣው ሞገድ አንድ ቦታ ላይ ሲገናኙ ሊጠፋፉ፣ አንድ ክንድ ፈቀቅ ብሎ ደግሞ ሊደጋገፉ ይችላሉ። ሳይለካ የሚሰቅል ባለሙያ በዕድሉ ነው የሚሠራው። ዕድሉ ባይሰምር ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት።

«አንቴናዬ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ምስሉ ይሰባበራል፣ ድምፁም ይቆራረጣል። አዲስ አንቴና ግዛ ተባልኩ። ልግዛ?»

ቆይ ወንድሜ፣ ገና አይግዙ። አንድ ቤት ተጠርቼ ስሄድ ባለቤቶቹ ሦስተኛ አንቴናቸውን ሰቅለው ነበር፤ ችግሩ ግን ከመጀመሪያው ቀን አልተለወጠም። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ገመዱን ነቀልኩት። ከጫፉ ውኃ ጠብ አለ! ከጣሪያ ተነሥቶ በገመዱ ውስጥ፣ በሽቦ መረቡ መሐል እየተሳበ ሳሎን ድረስ ወርዷል። ልባሱን በቢላዋ ስገፈው ማብረቅረቅ የነበረበት መዳብ ጠቁሮ፣ አልፎ አልፎም አረንጓዴ ዝገት አውጥቶ አገኘሁት። ሦስቱም አንቴናዎች ጤነኞች ነበሩ። የሞተው ሦስቱም ሲፈራረቁበት የኖረው ያ አንድ ገመድ ነው።

ውኃው የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በላይኛው መጋጠሚያ ነው። ተራ ፕላስተር ተጠቅልሎበት ፀሐይ ታደርቀዋለች፣ ይላቀቃል፣ ከዚያ እንደ ቦይ ውኃ ይቀበላል። ወይም ገመዱ ከምሰሶው ጋር ከመጠን በላይ ጠብቆ ታስሮ ልባሱ ተሰንጥቋል። የራሰውን ጫፍ ቆርጦ መልሶ መግጠም አይበጅም፤ ውኃው ከቁራጩ በታች ብዙ ሜትር ወርዶ ሊሆን ይችላል። ገመዱ ሙሉ በሙሉ ይለወጥ። መጋጠሚያው ራሱ በራሱ ላይ በሚጣበቅ የጎማ ፕላስተር ይታሸግ። ገመዱ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊትም ወደ ታች ረገብ ብሎ ይታጠፍ፤ ጠብታው ከእጥፋቱ ሥር ይወድቃል እንጂ ገመዱን ተከትሎ አይገባም።

ዝናብ ሲያባራ ለምን ደህና ይሆናል ካሉ፣ የዲጂታል ሥርጭት ጠባይ ነው። በድሮው አናሎግ ሲግናል ሲዳከም ምስሉ ቀስ በቀስ ነጠብጣብ ይለብስ ስለነበር መበላሸቱ አስቀድሞ ይታወቃል። ዲጂታል ግን እስከ መጨረሻው ጥራቱን ጠብቆ ይቆይና አፋፉ ላይ ሲደርስ በአንድ ጊዜ ይወድቃል። የእርስዎ ሲግናል አፋፉ ላይ ቆሟል፤ ዝናቡ ትንሽ ይገፋዋል።

«ማጉያ ገዝቼ ባስገጥም ከፊቱ ባሰ። ምነው?»

ሁለት ነገር ይሆናል። ማሰራጫው ማማ ቅርብ ከሆነ ሲግናሉ ድሮውኑ ብርቱ ነበርና ማጉያው ከልክ አሳልፎታል። ጆሮ ላይ የሚጮህ ሰው ቃሉ እንደማይለይ ሁሉ ቴሌቪዥኑም መለየት አቃተው። ወይም ማጉያውን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አስገጥመውታል። እዚያ ሲደርስ ሲግናሉ በገመዱ ደክሟል፣ ከውካታ ጋርም ተደባልቋል፤ ማጉያው ደግሞ መርጦ አያጎላም። የማጉያው ትክክለኛ ቦታ ከላይ፣ ከአንቴናው ሥር ነው። እዚያ የሚገጠመው ማጉያ ኃይል የሚያገኘው ቤት ውስጥ ካለች ትንሽ ኃይል ሰጪ፣ በዚያው በአንቴናው ገመድ በኩል ነው። አንድ ሰው ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ያቺን ነቅሎ፣ ቤተሰቡ ባለሙያ ጠርቶ፣ እኔ መልሼ ሰክቼ የወጣሁበት ቀን አለ። የመንገድ ዋጋ ብቻ ተቀበልኩ፤ እርሱንም አፍሬ።

«አንድ አንቴና ለሦስት ቴሌቪዥን ይበቃል?»

ይበቃል፣ ሲግናሉ ትርፍ ካለው። ባለሁለት መውጫ ማከፋፈያ በእያንዳንዱ መውጫ ሲግናሉን ወደ 4 ዴሲቤል (ዴሲቤል የሲግናል ጥንካሬ የሚለካበት ነው) ገደማ ይቀንሳል፣ ባለአራቱ ከ7 እስከ 8። ሦስት ዴሲቤል ማለት የኃይሉ ግማሽ ነው። የተለመደው ገመድ ራሱ በየ10 ሜትሩ 2 ዴሲቤል ያህል ይወስዳል። አንዱ ቴሌቪዥን ላይ አፋፍ ላይ ያለ ሲግናል ለሦስት ሲካፈል ሦስቱም ጋ ይጠፋል።

«‹ለዲጂታል የተሠራ› የሚል አንቴና በውድ ይሸጣል። ልዩነት አለው?»

አንቴና የሚቀበለው ሞገድ ነው፤ በሞገዱ ላይ የተጫነው ዲጂታል ይሁን አናሎግ አያውቅም። ያ የዓሣ አጥንት የሚመስለው ቅርጽ ጃፓናውያኑ ያጊና ኡዳ በ1926 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረጉት ነው፤ ዛሬም ያገለግላል። ጽሑፉን ሳይሆን የአካባቢዎን ጣቢያዎች ፍሪኩዌንሲ የሚሸፍን መሆኑን ያጣሩ። ሲሰቀልም ጎረቤት አንቴናዎች ዘንጎቻቸው የተጋደሙ ከሆኑ የእርስዎም ይጋደም፣ የቆሙ ከሆኑ ይቁም።

«አንዳንድ ጣቢያዎች ብቻ ጠፉብኝ፤ የቀሩት እንደ መስተዋት ናቸው።»

ዲጂታል ጣቢያዎች በየግላቸው አይመጡም፤ ብዙዎቹ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ተጠቅልለው ይላካሉ። የጠፉት የአንድ ጥቅል ከሆኑ መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ ጣቢያዎቹን እንደገና እንዲፈልግ ያድርጉ፤ ይህ ምንም አያስወጣም፣ ፍሪኩዌንሲው ተቀይሮ ከነበረም ያበቃል። ካልተመለሱ በቅርቡ የተተከለ የሞባይል ማማ እንዳለ ይመልከቱ። በብዙ አገሮች የቴሌቪዥን የነበረው የሞገድ ክልል የላይኛው ክፍል፣ ከ694 እስከ 862 ሜጋኸርዝ ያለው፣ ለሞባይል ተሰጥቷል፤ የቆዩ አንቴናዎችና ማጉያዎች ግን ዛሬም ያንን ይቀበላሉ። መፍትሔው ከማጉያው በፊት የሚገባ ትንሽ ማጣሪያ ነው።

«ራሴ ልስቀለው?»

ዝቅ ያለ ግድግዳ ከሆነ ይስቀሉ። ከጣሪያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ምሰሶው ቢወድቅ የኤሌክትሪክ መስመር የሚነካ ከሆነ፣ አይሞክሩት። ጫፉን ሲገጥሙ ከሽቦ መረቡ አንዲት ፀጉር የምታህል ክር እንኳ የመሐሉን ሽቦ እንዳትነካ፤ እርሷ ብቻ ሲግናሉን ታጠፋዋለች።

«ቀን ቀን ደህና ነው። ሲመሽ ይቆራረጣል። ሦስት ባለሙያ መጥቶ ምንም አላገኘም።»

ሦስቱም የመጡት ቀን ነው አይደል፣ አባቴ? ዛሬ ማታ ምስሉ መቆራረጥ ሲጀምር የቤቱን አምፖሎች አንድ በአንድ ያጥፏቸው። ርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎች ውስጥ ያለው ኃይል መለወጫ የሬዲዮ ውካታ ይረጫል። ምስሉ የተስተካከለበትን አምፖል ይቀይሩት። ሁሉም ጠፍተው ካልተሻለ ደግሞ የጎረቤትዎን የበረንዳ መብራት ያጥፉልኝ ብለው ይጠይቁ።