ፍሬሙ ውስጥ ያለው ሰውዬ
(ጅማ ላይ ለመድኃኒት ቤት ባለቤቶች፣ ለፋርማሲ ባለሙያዎች፣ ለተቆጣጣሪዎችና ለተመራቂ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ። አከም ቡልተን? አሰላሙ አለይኩም።

ቡናው ተፈልቷል ተብያለሁ። ጅማ ላይ ሰው ቡና እየሸተተው ንግግር ማስረዘም ድፍረት ነው። የያዝኩት ወረቀት ግን ትንሽ ወፈር ይላል፤ ታገሱኝ።

አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ። እዚሁ ጅማ መርካቶ አጠገብ ያለችው ጠባብ ፋርማሲ የኔ ነች። ዛሬ የመደብር ባለቤቶች እዚህ አላችሁ፣ ባለሙያዎች አላችሁ፣ ከጤና ጽሕፈት ቤት የመጣችሁ ተቆጣጣሪዎች አላችሁ። የምትመረቁት ልጆች ደግሞ እንደ ልማዳችሁ ከኋላ ተቀምጣችኋል። አዘጋጆቹ "ስለ ችርቻሮ መድኃኒት ቤት ፈቃድና ሕግ ተናገርልን" አሉኝ። ሰፊ ነው። እኔ ከዚያ ውስጥ አንዷን ብቻ መዝዣለሁ። ፈቃድ ማከራየትን።

እዚህ ጋ ስደርስ አዳራሹ ጸጥ እንደሚል ትናንት ማታ ስጽፈው አውቄዋለሁ።

ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። አንድ ሰው መድኃኒት ቤት መክፈት ይፈልጋል። ገንዘብ አለው፣ ቤት አለው፣ ሙያው የለውም። ሕጉ ደግሞ ባለሙያ አምጣ ይለዋል። አፈላልጎ የሙያ ፈቃድ ያለው ሰው ያገኛል፣ ይስማማሉ። ፈቃዱ በፍሬም ሆኖ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ባለሙያው በየወሩ ኪራዩን ይቀበላል። ባንኮኒው ላይ ግን የሚቆመው ሌላ ሰው ነው፤ የባለቤቱ እህት፣ ወይ የአጎት ልጅ፣ ወይ ትምህርት ጨርሳ ሥራ ስትፈልግ የነበረች የጎረቤት ልጅ። ቤት እንደሚከራየው፣ ባጃጅ እንደሚከራየው፣ ስም ይከራያል።

ሕጉ ይህን የከለከለው ዛሬ አይደለም። በንጉሡ ዘመን፣ በ1956 ዓ.ም. የወጣ የፋርማሲ ደንብ ነበረን፤ ቁጥሩ 288። በ1991 አዋጅ ቁጥር 176 መጣ። በ2002 አዋጅ ቁጥር 661 ተተካ። አሁን የምንሠራበት በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ነው። የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ስምም አብሮ ሲለዋወጥ ኖሯል፤ በዚህ በደንብ የተጠቀሙት ማኅተም ቀራጮች ናቸው። በዚህ ሁሉ መለዋወጥ ውስጥ አንዷ ነገር ንቅንቅ አላለችም። መድኃኒት የሚያድለው ለዚያ የተማረና ለዚያ የተፈቀደለት ሰው ነው።

አሠራሩን ታውቁታላችሁ፣ ቶሎ ልለፈው። አምራቹንና አስመጪውን የፌዴራሉ ባለሥልጣን ያያል። እኛን ቸርቻሪዎቹን ክልሉና ከተማው ያዩናል። መጀመሪያ የብቃት ማረጋገጫ፣ ከዚያ ንግድ ፈቃድ። ፋርማሲ ከሆነ ኃላፊው ፋርማሲስት ነው። መድኃኒት መደብር ከሆነ ከዚያ ዝቅ ባለ ደረጃ የሠለጠነ የፋርማሲ ባለሙያ ይበቃል፤ የሚሸጠውም በዚያው ልክ ነው። የገጠር መድኃኒት ቤት ደግሞ ዝርዝሩ አጭር ነው።

ሕዝቡ ይህን ሁሉ ልዩነት አያውቅም፤ እንዲያውቅም አልጠብቅም። ለእሱ ሁሉም መድኃኒት ቤት ነው፣ በኦሮምኛም ሁሉም "መነ ቆሪቻ" ነው። ነጭ ጋውን ካየ "ዶክተር" ይለናል። ጋውን ደግሞ ገበያ ውስጥ ይሸጣል። ገንዘብ ያለው ይገዛዋል።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። እኔም አከራይቻለሁ።

ከተመረቅሁ ጥቂት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ለሁለተኛ ዲግሪ አዲስ አበባ ሄድኩ። ገንዘብ የለኝም። ከጅማ ወጣ ባለች ከተማ ያለ አንድ ሰው በደላላ አገኘኝ። "ምንም አትሠራም፣ ስምህን ብቻ ነው" አለኝ። ተስማማሁ። እኔ አዲስ አበባ ስማር ስሜ እዚያ ከተማ ግድግዳ ላይ ይሠራ ነበር። ቤቱን እስከዚያ ድረስ የረገጥኩት ለምርቃቱ አንድ ቀን ነው። በግ ታርዶ ነበር፣ ጥሩ በላሁ።

በአምስተኛው ወር ለእረፍት ስመጣ "እስቲ ልየው" ብዬ ጎራ አልኩ። ባንኮኒው ላይ አንዲት ልጅ አለች። ትሁት ነች፣ ፈጣን ነች፣ መልስ ስትመልስ አትሳሳትም። ሰላም ተባብለን ሳንጨርስ አንዲት እናት ገባች። ሕፃን አዝላለች። የነጠላዋን ጫፍ ፈታችና ጠርሙስ አወጣች። "ይሄ ነገር አልሠራ አለኝ እኮ" አለች።

ጠርሙሱን ተቀበልኳት። የአሞክሲሲሊን ሽሮፕ ነው። ስገለብጠው አይፈስም። ገና ደረቅ ዱቄት ነው፣ ግን ግማሽ ድረስ ጎድሏል። "እንዴት ነው የምትሰጪው?" አልኳት። ልጅቷ "አንድ ማንኪያ በቀን ሦስቴ" ብላታለች። እሷም ከዱቄቱ በማንኪያ እየዛቀች፣ በሻይ እየበጠበጠች አራት ቀን አጠጥታዋለች።

ከሙያው ውጭ ላላችሁ ልንገራችሁ። ያ ዱቄት ሽሮፕ የሚሆነው ተፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ እስከ ምልክቱ ሲሞላና በደንብ ሲናጥ ነው። ማንኪያውም ከዚያ በኋላ ነው የሚቆጠረው። አንድ ማንኪያ ደረቅ ዱቄት ውስጥ ከአንድ ማንኪያ ሽሮፕ ስንት እጥፍ መድኃኒት እንዳለ የሚያውቀው የዚያ ሕፃን ሆድ ብቻ ነው። ተቅማጥ ይዞታል። ከንፈሩ ደርቋል። ሲያለቅስ እንባ የለውም። ተሯሩጠን ሆስፒታል አደረስናቸው። ተኝቶ ታከመ፣ ዳነ። ተመስገን።

ወደ ቤቱ ስመለስ ልጅቷን ልቆጣት ነበር። አፌን ስከፍት ከጭንቅላቷ በላይ ያለውን ፍሬም አየሁት። የኔ ስም። የኔ ፎቶ። ፈገግ ብያለሁ ጭራሽ።

አፌን ዘጋሁ። ያቺን ልጅ ማንም አላስተማራትም። ማስተማር የነበረበት በየወሩ ብር እየተላከለት አራት ኪሎ ማኪያቶ የሚጠጣው ሰውዬ ነው። ፈቃዴን በዚያው ሳምንት አወረድኩ። ባለቤቱ ተቀየመኝ። በሦስተኛው ወር ሌላ ፍሬም ተሰቅሎ ነበር። ልጅቷ ግን ያችው ነች።

ይህን የማወራው ንስሐ ለመግባት አይደለም። ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ከውስጥ ስላየሁት ነው።

ባለቤቶች የምትሉትን አውቃለሁ። "ፋርማሲስት ቀጥረን ደመወዙን ከየት እንክፈል?" ትላላችሁ። ውሸት አይደለም። ብር በ2016 ሐምሌ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ ዕቃ የምንገዛበት ዋጋ የት እንደደረሰ ለእናንተ አልነግራችሁም። የቤት ኪራዩም አለ። ግን አቅምህ የመደብር ከሆነ መደብር ክፈት፣ ወንድሜ። በመደብር ደረጃ፣ እዚያው የሚውል ባለሙያ ይዘህ፣ የተፈቀደልህን ሽጥ። "ፋርማሲ" የሚለውን ታፔላ በሰው ስም መስቀል ምን የሚሉት ፉክክር ነው?

ተቆጣጣሪዎች፣ እናንተም አትስቁ፣ ተራችሁ ነው።

እናንተ ገና ከቢሮ ሳትወጡ ስልክ ይደወላል። "እንግዳ መጣ።" በአሥር ደቂቃ ውስጥ መንገዱ ላይ ያለው መድኃኒት ቤት ሁሉ ተዘግቶ ታገኙታላችሁ። ምክንያቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "ለቅሶ ሄደው ነው።" በዚህ ሰበብ የሞተውን ሰው ብንቆጥር ከአጂፕ እስከ ጅሬን ሰው ባልቀረ ነበር። ያልዘጋው ጋ ስትገቡ ደግሞ ኮርኒሱን ታያላችሁ፣ ወለሉን ታያላችሁ፣ መደርደሪያው ከግድግዳ መራቁን ታያላችሁ። ይህ ያስፈልጋል። በተለይ ጅማ ያስፈልጋል። የኛ ከተማ ዝናብ ሲጀምር መቆሚያ የለውም፤ ግድግዳ ተደግፎ የከረመ ካርቶን ሻግቶ ይነሳል። ኢንሱሊንም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልተቀመጠ ውኃ ነው።

ቴርሞሜትሩን የሚያነበው ግን ማነው? የሙቀት መመዝገቢያ ወረቀት አይቻለሁ፤ ሠላሳውም ቀን "5 ዲግሪ" ተብሎ፣ በአንድ እስክርቢቶ፣ በአንድ አቀማመጥ የተሞላ። መብራት የጠፋበትን ሳምንት ጨምሮ! ፍሪጁ አለ፣ ቴርሞሜትሩ አለ፣ ወረቀቱ አለ። ሰው የለም። እናንተ ደግሞ በሥራ ሰዓት መጥታችሁ ያሉትን ዕቃዎች ቆጥራችሁ ትሄዳላችሁ። መድኃኒት ቤት ሥራ የሚበዛበት ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ነው፣ ቅዳሜም ነው። በዚያ ሰዓት ኑ። ስትመጡ ደግሞ መጀመሪያ ፍሬሙን እዩ፣ ከዚያ ባንኮኒው ላይ ያለውን ፊት እዩ። ሌላው ይደርሳል።

ስለ ሻንጣ መድኃኒት ብዙ አልልም። ያለ ደረሰኝ በትከሻ የሚመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከሚገኘው የሕክምና ምርት ከአሥሩ አንዱ ወይ ከደረጃ በታች ነው ወይ ሐሰተኛ ነው። እዚሁ ዩኒቨርሲቲያችን የመድኃኒት ጥራት የሚመረምር ላቦራቶሪ አለ፤ ደስ ይላል፣ ግን በየቀኑ መደርደሪያችንን ሊፈትሽልን አይችልም። ደረሰኙንና የባች ቁጥሩን ማየት፣ የስትሪፑ ጽሑፍ ደብዘዝ ሲል መጠርጠር የኛ ሥራ ነው። የተከራየ ስም አይጠረጥርም።

ከዚህ የባሰው "እንቢ" የማለት ነገር ነው። ባለፈው ማክሰኞ ከሰርቦ የመጣ አንድ ጎልማሳ ገባ። "ሁለት ፍሬ ሲፕሮ" አለኝ። ሲፕሮ የባክቴሪያ መድኃኒት ነው። ሁለት ፍሬ! ለሆዱ ነው። ማዘዣ የለውም። ለጥቂት ደቂቃ አወራን፤ ትኩሳት የለውም፣ ደም የለውም። ኦአርኤስ፣ ያንን በውኃ የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት ሰጠሁት፣ አበጣበጡንም አሳየሁት፣ "ካልተሻለህ ጤና ጣቢያ ሂድ" አልኩት። ደስ አላለውም። "ማዶ ይሰጡኛል" ብሎ ወጣ። አውቃለሁ ይሰጡታል። በ2019 እ.ኤ.አ. ብቻ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ የገደሉት ሰው በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን እንደሚሆን ተገምቷል። ይህ ቁጥር የሚጀምረው ያለ ማዘዣ ከተሸጠ ሁለት ፍሬ ነው።

እኔ እንቢ ያልኩት ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም። ፈቃዱ የኔ ነው፤ ነገ ቢጠየቅ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ማዶ ያለችው ልጅ ግን እንቢ ብትል ማታ ሽያጭ የሚቆጥረው ባለቤት ይቆጣታል። እሺ ብትል የሚጠየቀው አዲስ አበባ ነው ያለው። እና ለምን እንቢ ትበል?

ከኋላ ያላችሁ ልጆች፣ አሁን ለእናንተ ነው። ጋውናችሁን ሳታወልቁ ይደወልላችኋል። "ስምህን ብቻ ነው፣ ስምሽን ብቻ ነው" ይሏችኋል። ብሩ ያጓጓል፤ ሥራ ቶሎ እንደማይገኝም አውቃለሁ፣ ቤተሰብም ይጠብቃል። አልፈርድባችሁም። ግን "ስምህን ብቻ" ያለህ ሰው የወሰደው ሌላ ምን ሊኖር ይችል ነበር? ሙያ ፈቃዱ የቆመው በስምህ ላይ ነው። ከፈለገህ ስምህን ከነእጅህ ይቅጠርህ። ብሩ ሲያንስ ተከራከሩ፤ እኔም ከሠራተኞቼ ጋር እከራከራለሁ፣ ብዙ ጊዜ እሸነፋለሁ።

አንድ ሐሳብ አቅርቤ ልጨርስ። ሕጉ ፈቃዱን በግልጽ ቦታ ስቀሉ ይላል። እኛ ከመደርደሪያው በላይ፣ ማንም ቀና ብሎ በማያይበት ቦታ እንሰቅለዋለን። እኔ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በሩ ላይ፣ በሰው ዓይን ትክክል አንድ ወረቀት ለጥፌያለሁ። በአማርኛና በኦሮምኛ ነው። የባለሙያው ፎቶ አለ፣ ስሙ አለ፣ የሚገኝበት ሰዓት አለ። እኔ ስወጣ የኔን አንስቼ የባልደረባዬን አደርጋለሁ። ሁለታችንም ከሌለን ማዘዣ የሚጠይቅ መድኃኒት አይሸጥም። ወጪው የፎቶ ኮፒ ነው። ማኅበሩ ቢስማማ፣ ጤና ጽሕፈት ቤቱም ቢደግፈው፣ ከመርካቶ መጀመር እንችላለን።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ የደም ግፊት ደንበኛዬ መጡ። ከሰባ ያለፉ አባት ናቸው፣ ከሰቃ ነው የሚመጡት። በሩ ላይ ቆመው ፎቶውን አዩ። ወደኔ ዞሩ። እንደገና ፎቶውን አዩ።

"ይሄ ልጅ የት ሄደ?" አሉኝ።

"አባ፣ እኔ እኮ ነኝ።"

መነጽራቸውን አስተካከሉ። "ይሄኛው ፀጉር አለው" አሉ። ከዚያ በከዘራቸው ወረቀቱን ነካ ነካ አድርገው፣ "ፈቃዱን በየዓመቱ ታድሱ የለም? ፊትህንም አድሰው እንጂ!"

ፎቶውን በማግስቱ ቀየርኩት። አመሰግናለሁ፤ ቡናው ሳይቀዘቅዝ እንውጣ።