አሮጌ ስፒከር ላይ የሚያረጀው የቱ ነው?

[ምስል፦ የስፒከሩ የፊት ጨርቅ ቀስ እያለ ሲነሳ]

ይህን ጨርቅ ሳታነሱ አሮጌ ስፒከር እንዳትገዙ። ሻጩ እንጨቱን ወልውሎ አብረቅርቆት ይሆናል። እንጨቱ ግን አይዘፍንም።

ዎፈሩን፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣውን ትልቁን ክብ፣ እዩት። መሃሉ ብዙ ጊዜ ወረቀት ነው። አዎ፣ ወረቀት! እርጥበት ካላገኘው 50 ዓመት ቢቆይም ደህና ነው። ቀድሞ የሚያረጀው ዙሪያውን የያዘው ቀለበት ነው። በፈረንጆቹ 1970ዎቹና 80ዎቹ ብዙ ፋብሪካዎች ይህን ቀለበት ከስፖንጅ ይሠሩት ነበር። ስፖንጅ ደግሞ 15 ወይም 20 ዓመት ሲሞላው መፈርፈር ይጀምራል። ቢጫወትም ባይጫወትም ለውጥ የለውም። ስለዚህ "ከካርቶኑ ሳይወጣ የኖረ ነው" ሲሏችሁ ቶሎ አትደሰቱ።

[ምስል፦ ጣት ቀለበቱን ነካ ሲያደርግ]

በጣት ጫፍ ነካ አድርጉት። ጤነኛው ተለጥጦ ይመለሳል። ያለቀለት እየተፈረፈረ ወይም እየተጣበቀ ጣታችሁ ላይ ይቀራል። ቀለበቱ ጎማ ወይም ጨርቅ ከሆነ ግን እፎይ በሉ፤ እነሱ በጣም ይቆያሉ።

ስፖንጁ ተቀደደ ብላችሁም ጥላችሁት አትሂዱ። ቀለበት ይቀየራል። የሚያስፈራው ተቀድዶም ሲጫወት የኖረው ነው። ወረቀቱ መሃሉን ይስትና ከኋላው ያለው ጥቅል ሽቦ ማግኔቱን መታከክ ይጀምራል። የሁለት እጃችሁን ጣቶች ወረቀቱ ላይ ዙሪያውን እኩል አሳርፉና ቀስ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ ግፉት። ጆሯችሁን አስጠጉ። ምንም ካልተሰማ ጥሩ ነው። ኮሽ ኮሽ ካለ ግን ቀለበት መቀየር ብቻውን ላያድነው ይችላል።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር ልጨምር። በፈረንጆቹ 1954 ኤድጋር ቪልቹርና ሄንሪ ክሎስ አሜሪካ ውስጥ አኩስቲክ ሪሰርች የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ሳጥኑን ግጥም አድርገው ዘጉትና የታፈነውን አየር ለዎፈሩ እንደ ስፕሪንግ ተጠቀሙበት። ያኔ ከትንሽ ሳጥን ወፍራም ቤዝ ወጣ። እንዲህ ያለ ዝግ ስፒከር ካጋጠማችሁ ዎፈሩን ገፋ አድርጋችሁ ልቀቁት። ቀስ ብሎ ከተመለሰ ሳጥኑ አየሩን ይዟል። ፈጠን ብሎ ከተመለሰ የሆነ ቦታ ይተነፍሳል። የአየር ቀዳዳ ያለው ሳጥን ላይ ግን ይህን አትሞክሩ፤ ምንም አይነግራችሁም።

[ምስል፦ ትዊተሩ በቅርበት]

ቀጭኑን ድምፅ በሚያወጣው ትንሹ ክፍል፣ በትዊተሩ፣ እኔም ተሸውጃለሁ። አንድ ጥንድ ገዝቼ ሁለት ወር ሙሉ "እንዴት ያለ ለስላሳ ድምፅ ነው!" ስል ከረምኩ። ለካ የቀኙ ትዊተር ሞቷል! አሁን የአምፑን ባላንስ ወደ አንድ ጎን አዞርና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጌ፣ ዎፈሩን በትራስ ሸፍኜ ጆሮዬን ትዊተሩ ላይ እደቅናለሁ። ሰው ቢስቅም ይሳቅ።

ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ያላችሁ የስፒከሩን ኦም፣ ማለትም ከረንትን ምን ያህል እንደሚቋቋም፣ ከጀርባው ለኩ። 8 ኦም የተባለው 6 ገደማ ቢያሳይ አትደንግጡ። 8ቱ የሚባለው ሙዚቃ ሲጫወት ላለው ተለዋዋጭ ከረንት ነው፤ ቴስተሩ የሚያየው የሽቦውን ብቻ ነው። ልብ በሉ፣ ከጀርባ የምትለኩት ብዙውን ጊዜ ዎፈሩን ነው። ትዊተሩ ፊት የቴስተሩን ቀጥተኛ ከረንት የማያሳልፍ ካፓሲተር የሚባል ዕቃ ስላለ ቴስተሩ አይደርስበትም። ካፓሲተሮቹ ራሳቸውም፣ በተለይ ኤሌክትሮላይቲክ የሚባሉት፣ በዕድሜ ይደርቃሉ። መቀየሩ ግን ቀላል ነው።

የመጨረሻው ሙከራ በጆሮ ነው። ሁለቱም ስፒከሮች አንድ ዓይነት ድምፅ እንዲያወጡ አምፑን ሞኖ ላይ አድርጉና የአንድ ሰው ንግግር ክፈቱ። ከሁለቱ ስፒከሮች እኩል ርቃችሁ መሃል ላይ ተቀመጡ። ሰውየው ፊት ለፊታችሁ ቆሞ የሚያወራ መምሰል አለበት። ድምፁ ከተበተነና ቤዙ ከጠፋ የአንዱን ስፒከር ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ አቀያይሩ። ያኔም ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ሁለቱ ስፒከሮች እኩል አይደሉም፤ ምናልባት የአንዱ ዎፈር ወይም ትዊተር በሌላ ተተክቷል። መሃል ላይ ከቆመ ግን ዋጋ መነጋገር ትችላላችሁ።