ዜማው ያለው ቴነሩ ላይ ነው

የተከበራችሁ አሰልጣኞችና ዘማርያን፣

የ16ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ የዜማ ደራሲ ቶማስ ታሊስ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወራው በ40 ድምፅ ስለጻፈው የላቲን ዝማሬ ነው። የዛሬው ጉዳያችን ግን ትንሹ ሥራው ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1567 ገደማ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ማቲው ፓርከር መዝሙረ ዳዊትን በእንግሊዝኛ ግጥም አዘጋጅቶ ሲያሳትም፣ ታሊስ ዘጠኝ አጫጭር ዜማዎች በአራት ድምፅ ሰጠው። ስምንቱ በስምንቱ የቤተ ክርስቲያን ቅኝቶች የተሠሩ ናቸው።

መጽሐፉ አንድ ነገር በግልጽ ያዛል፦ ሕዝቡ ብቻውን ሲዘምር ቴነሩን (ከፍተኛውን የወንድ ድምፅ) ይይዛል፤ የቀሩት ድምፆች ለትልልቅ መዘምራንና በግል ለሚዘምሩ ናቸው። የዛሬ መዘምራን የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ጆሯችን ዜማን ከላይ ስለለመደ ሶፕራኖው (ከፍተኛው የሴት ድምፅ) ይጮኻል፣ ዋናው ዜማ ይሰወራል። 16 ዘማሪ ካላችሁ ስድስቱን ቴነር፣ አራቱን ቤዝ (ዝቅተኛው የወንድ ድምፅ) አድርጉ፤ ለሶፕራኖና ለአልቶ (ዝቅተኛው የሴት ድምፅ) ሦስት ሦስት ይበቃል።

ሦስተኛው ዜማ ለመዝሙር 2 ነው፤ እኛ «ለምንት አንገለጉ አሕዛብ» የምንለው። እንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ ቮን ዊልያምስ በ1910 ለአውታር መሣሪያዎች ትልቅ ድርሰት የሠራበት ይኸው ዜማ ነው። ቅኝቱን ለመስማት ፒያኖ ላይ ከሚ እስከ ሚ ነጮቹን ቁልፎች ብቻ ተጫወቱ። ከሚ ወደ ፋ ያለው ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው፤ የመዝሙሩ ቁጣ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። በተለመደው ማይነር (የትካዜ ስሜት ባለው የምዕራባውያን ቅኝት) ያደገ ዘማሪ ሳያውቀው ፋን ከፍ ያደርጋል፣ ዜማውም ተራ ትካዜ ይሆናል። እነዚህን ሁለት ድምፆች ለይታችሁ አስጠኑ። ምቱም ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት እየሆነ ስለሚቀያየር እጃችሁ ቃሉን ይከተል እንጂ ሜትሮኖም (እኩል ምት የሚቆጥር መሣሪያ) አይሁን።

ስምንተኛው «የታሊስ ካኖን» የሚባለው ነው (ካኖን ማለት አንዱ ድምፅ የጀመረውን ዜማ ሌላው ዘግይቶ የሚከተልበት ዝማሬ ነው)፤ መዝሙር 67፣ በግዕዙ ዳዊት 66። በመጀመሪያው ኅትመት እያንዳንዱ ስንኝ ይደገማል፤ እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ሬቨንስክሮፍት በ1621 ድግግሞሹን አውጥቶ አሳጠረው። በዛሬዎቹ የመዝሙር መጻሕፍት ሶፕራኖ ይጀምራል፣ ቴነር ከአራት ኖታ በኋላ ያንኑ ዜማ ኦክታቭ (ስምንት ድምፅ) ዝቅ ብሎ ይከተላል። ስንኙ ስምንት ቀለም ነው። ስለዚህ ሶፕራኖ ስንኙን ጨርሶ ሲተነፍስ ቴነር ገና ግማሹ ላይ ነው። ሁሉም አብሮ ከተነፈሰ የቴነሩ ቃል መሐል ላይ ይቆረጣል። ትንፋሹን ለየድምፁ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ በቃል መንገር ብቻ አይበቃም፣ በልምምድ የተያዘው መድረክ ላይ ይረሳል።

አጠናኑ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ሁሉም ዜማውን በአንድነት ይዘምር። ቀጥሎ ለሁለት ተከፈሉና ያለ መሣሪያ ካኖኑን ብቻ ያዙ። አልቶና ቤዝ የሚገቡት ይህ ሲጸና ነው፤ ቀድመው ከገቡ ተከታዩ ክፍል በኮርዱ (አብረው በሚሰሙት ድምፆች) ላይ ተደግፎ መሪውን መስማት ያቆማል።

አሁን ወረቀቱን ዘርጉ። ሦስተኛው ዜማ፤ ቴነሮች ብቻ፣ ያለ ፒያኖ።