ሁለት ሰው፣ አንድ ነጥብ፦ የግሬሲያ ፖሊ የባድሜንተን ሕይወት

[ምስል፦ ቶኪዮ፣ የሴቶች ጥንድ ፍጻሜ። ካሜራው ራኬት የያዘ እጅ ላይ ያተኩራል።]

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 2 ቀን 2021፣ በቶኪዮ ኦሊምፒክ የሴቶች ጥንድ ባድሜንተን ፍጻሜ ሁለተኛው ዙር እየተካሄደ ሳለ፣ ኳሷ ገና በአየር ላይ እያለች የኢንዶኔዥያዊቷ የግሬሲያ ፖሊ ራኬት ክሩ ተበጠሰ። በባድሜንተን ክር ተበጠሰብኝ ብሎ ጨዋታ ማስቆም አይቻልም፤ ኳሷ መሬት እስክትነካ ወይም መረቡ እስኪያስቀራት ድረስ ነጥቡ ይቀጥላል። ስለዚህ ግሬሲያ ሜዳውን ለቅቃ ወደ ጠርዙ ሮጠች፤ ሌላ ራኬት አንሥታም ወደ ቦታዋ ተመለሰች። በእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች 6.1 ሜትር ስፋት ያለውን ሜዳ ብቻዋን የጠበቀችው የ23 ዓመቷ አፕሪያኒ ራሃዩ ነበረች፤ ከመረቡ ማዶ ደግሞ በጠንካራ ምታቸው የሚታወቁት ቻይናውያኑ ቼን ቺንግቼን እና ጂያ ዪፋን ቆመዋል። ግሬሲያ ተመልሳ ስትደርስ ኳሷ አልወደቀችም ነበር።

የጥንድ ተጫዋች የሙያ ሕይወት ምን ዓይነት እንደሆነ ለማስረዳት ከዚህ ቅጽበት የተሻለ መነሻ አላገኘሁም፤ ምክንያቱም የዚህ ሙያ ክብርም ሆነ ጉዳት ምንጊዜም የሁለት ሰዎች ነው።

[ምስል፦ ሜዳው ከላይ ሲታይ፤ የተጫዋቾቹ እንቅስቃሴ በቀስት ተመልክቷል።]

አስቀድመን ጨዋታውን ጥቂት እንመልከት። ኳሷ ከ16 ላባዎች የተሠራች፣ ክብደቷም ከ5.5 ግራም የማይበልጥ ነው። ሁለት ሰው ሲጫወት ድካሙ በግማሽ ይቀንሳል ብሎ ማሰብ ቀላል ቢሆንም እውነታው ከዚህ ይለያል፤ ማዶ ያሉትም ሁለት ስለሆኑ ለማረፍ ፋታ የሚሰጥ ባዶ ቦታ አይገኝም፣ ኳሷም ቶሎ ቶሎ ትመላለሳለች። ጥንዱ በሚያጠቃበት ጊዜ አንዷ ከመረቡ ሥር፣ ሌላዋ ከኋላ ትቆማለች፤ የኋለኛዋ ወደ ታች ስትመታ የፊተኛዋ ደካማውን መልስ ጠብቃ ትጨርሳለች። ነገር ግን ከሁለቱ አንዷ ተገድዳ ኳሷን ወደ ላይ ባነሣችበት ቅጽበት፣ ሁለቱም ሳይተያዩና ሳይነጋገሩ ጎን ለጎን ተከፍለው ለመከላከል መዘጋጀት አለባቸው። በመካከላቸው የምትመጣው ኳስ ደግሞ ከሁሉ ትከብዳለች፤ ሁለቱም ቢዘረጉ ራኬቶቻቸው ይጋጫሉ፣ ሁለቱም ቢተዉ ነጥቡ ይጠፋል። ይህን ሁሉ ማሰቢያ ጊዜ በሌለበት ሁኔታ መወሰን የሚቻለው ለዓመታት በየቀኑ አብሮ በመሥራት ብቻ ነው።

ከሜዳው ውጪ ያለው አሠራርም ይህንኑ ያጠነክረዋል። በዓለም ባድሜንተን ፌዴሬሽን ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ የሚመዘገበው ነጥብ የጥንዱ እንጂ የእያንዳንዷ ተጫዋች የግል ሀብት አይደለም። ጓደኛዋ የተጎዳችባት ወይም ጡረታ የወጣችባት ተጫዋች የቱንም ያህል ስመ ጥር ብትሆን፣ ከአዲስ ሰው ጋር ስትጣመር በሰንጠረዡ ላይ ከዜሮ ትነሣለች። ግሬሲያ ፖሊ ይህን መንገድ ደጋግማ ተጉዛበታለች።

ግሬሲያ በ1987 በጃካርታ ተወልዳ በሰሜን ሱላዌሲ በምትገኘው በማናዶ አድጋለች። ኢንዶኔዥያ ባድሜንተን እንደ ብሔራዊ ክብር የሚቆጠርባት አገር ስትሆን፣ ሱሲ ሱሳንቲ እና አላን ቡዲኩሱማ በ1992 በባርሴሎና የመጀመሪያዎቹን የኦሊምፒክ ወርቆች ካመጡላት ወዲህ በወንዶች ጥንድና በድብልቅ ጥንድም ወርቅ አግኝታለች። የሴቶች ጥንድ ግን እንደ ታናሽ ዘርፍ የሚታይ፣ የኦሊምፒክ ወርቅም ያላመጣ ነበር። ግሬሲያ ይህን ዘርፍ በልጅነቷ መርጣ ወደ ብሔራዊው የሥልጠና ማዕከል ገባች፤ ቆየት ብላም በዚህ ዘርፍ ለአገሯ ታሪክ መሥራት ከ13 ዓመቷ ጀምሮ የነበራት እምነት እንደሆነ ተናግራለች።

[ምስል፦ ለንደን 2012፣ ዌምብሊ አሬና። የተመልካች ጩኸት ይሰማል።]

የሕይወቷ ከባዱ ምዕራፍ የመጣው በለንደን ነው። በዚያ ኦሊምፒክ የጥንድ ውድድር በምድብ ማጣሪያ እንዲጀመር ተደርጎ ነበር፤ ከምድብ አልፎ በሩብ ፍጻሜ ማን ከማን እንደሚገናኝም አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። ጁላይ 31 ጠዋት የቻይናዎቹ ቲያን ቺንግ እና ዣኦ ዩንሌይ በዴንማርክ ጥንድ ሳይታሰብ ተሸንፈው በምድባቸው ሁለተኛ ሆኑ። ማምሻውን የአገራቸው ልጆች ዋንግ ሺያኦሊ እና ዩ ያንግ ከደቡብ ኮሪያ ጥንድ ጋር ሲጫወቱ፣ ማሸነፍ ከቲያንና ከዣኦ ጋር ቶሎ ያገናኛቸው ስለነበር፣ ኳሷን ሆን ብለው መረብ ውስጥና ከመስመር ውጪ ይመቱ ጀመር። ተጋጣሚዎቻቸውም በተመሳሳይ መንገድ መለሱ። ቀጥሎ የነበረው የግሬሲያና የሜይሊያና ጃውሃሪ ጨዋታ ሲሆን፣ ተጋጣሚዎቻቸው ሌላኛው የደቡብ ኮሪያ ጥንድ ነበሩ፤ በዚህም የሚያሸንፈው ወገን ዋንግንና ዩን ስለሚያገኝ ያው ድርጊት ተደገመ። ዳኛው የማሰናበቻውን ጥቁር ካርድ አውጥቶ መልሶ ሰረዘው፤ ሕዝቡ ግን ጩኸቱን አላቆመም። በማግሥቱ አራቱም ጥንዶች፣ ማለትም 8 ተጫዋቾች፣ ለማሸነፍ የሚችሉትን ሁሉ አላደረጉም በሚል ከኦሊምፒኩ ተሰረዙ።

በእኔ አመለካከት በዚህ ጉዳይ ላይ የተጫዋቾቹን ጥፋት ማስተባበልም፣ የውድድሩን አወቃቀር ከደሙ ንጹሕ ማድረግም ልክ አይደለም። ለመሸነፍ የሚጠቅም ምክንያት የሚፈጥር ሰንጠረዥ ሲዘረጋ አንድ ሰው ሊጠቀምበት እንደሚሞክር መታሰብ ነበረበት፤ ይህም ኋላ ላይ ስለታመነበት፣ በምድባቸው ሁለተኛ የሚሆኑ ጥንዶች ቦታቸው በአዲስ ዕጣ እንዲወሰን ደንቡ ተሻሽሏል። ይህ ማሻሻያ ግን 25 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀናት ሲቀሯት በውርደት ወደ አገሯ ለተመለሰችው ሴት መጽናኛ አልሆናትም።

[ምስል፦ ኢንቼዮን 2014።]

ከዚያ በኋላ ከኒትያ ክሪሺንዳ ማሄስዋሪ ጋር ያሳለፈቻቸው ዓመታት ስሟን ያደሱባት ናቸው። ጥንዶቹ በ2014ቱ የኢንቼዮን የእስያ ጨዋታዎች ፍጻሜ የጃፓኖቹን ሚሳኪ ማትሱቶሞ እና አያካ ታካሃሺን አሸንፈው ወርቅ አገኙ፤ የሚገርመው ከሁለት ዓመት በኋላ የሪዮን የኦሊምፒክ ወርቅ የወሰዱት እነዚሁ ጃፓናውያን ናቸው። ግሬሲያና ኒትያ በሪዮ ከሩብ ፍጻሜ አላለፉም፤ ካሸነፏቸው ሁለት ቻይናውያን አንዷም በለንደን ከግሬሲያ ጋር የተሰረዘችው ዩ ያንግ ነበረች። ቀጥሎ ኒትያ በጉዳት ቀዶ ሕክምና አስፈለጋት፤ ግሬሲያም 30 ዓመት ሊሞላት ሲቃረብ ያለ ጓደኛ ቀረች።

ራኬቷን ለመስቀል አስባ ነበር። የሴቶች ጥንድ አሠልጣኙ ኤንግ ሂያን ግን ለወጣቶቹ መንገድ እንድታሳይ ጥቂት ጊዜ እንድትቆይ ጠየቋት። ኤንግ ሂያን ራሳቸው በ2004 በአቴንስ በወንዶች ጥንድ ነሐስ ያገኙ ሰው ስለሆኑ፣ ልምድ ያለው ጓደኛ ለጀማሪ ምን ያህል እንደሚጠቅም ያውቁታል። በ2017 አጠገቧ የቆመችው ከደቡብ ምሥራቅ ሱላዌሲ ከኮናዌ የመጣችው፣ በ11 ዓመት ገደማ የምታንሳት አፕሪያኒ ነበረች። አንዲቱ ሁሉን ዓይታ የደከማት፣ ሌላዪቱ ጉልበት የሞላት ግን ገና ያልተፈተነች ስትሆን፣ ጥንዱ በዚያው ዓመት የታይላንድን ከዚያም የፈረንሳይን ውድድር አሸነፈ። በ2018 እና በ2019 የዓለም ሻምፒዮናዎችም ነሐስ አገኙ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ታላቂቱ የጉልበቷን መቀነስ የምታካክሰው ኳሷን አስቀድማ በማንበብና በቦታ አያያዝ ነው፤ ከኋላ ሆኖ መምታቱን ለታናሺቱ ትታ፣ እርሷ ኳሷን ዝቅ አድርጋ እያስቀመጠች ተጋጣሚዎቹ ከታች ወደ ላይ እንዲያነሡ ታስገድዳለች። በነጥቦች መካከል የሚደረገው አጭር ንግግርም የዚሁ ሥራ ክፍል ነው። በቶኪዮ ጨዋታዎቻቸው አፕሪያኒ ስትሳሳት ግሬሲያ ወደ እርሷ ሄዳ እጇን ስትመታና ስታናግራት በተደጋጋሚ ይታያል፤ አንዷ አንገቷን ከደፋች ሌላዋም አብራ እንደምትወድቅ ታውቃለችና።

[ምስል፦ የቶኪዮ የውጤት ሰሌዳ።]

ወደ ቶኪዮ የገቡት በዕጣው ቅድሚያ ከተሰጣቸው ጥንዶች መካከል ሳይሆኑ ነው። ሆኖም በምድባቸው ጃፓናውያኑን የዓለም አንደኛ ዩኪ ፉኩሺማን እና ሳያካ ሂሮታን ጨምሮ ሁሉንም አሸነፉ። በሩብ ፍጻሜ የቻይናን፣ በግማሽ ፍጻሜ የደቡብ ኮሪያን ጥንድ አልፈው ለፍጻሜ ደረሱ፤ በፍጻሜውም ቼንን እና ጂያን 21 ለ 19 እና 21 ለ 15 ረቱ። የመጨረሻው ነጥብ ከተቆጠረ በኋላ ሁለቱም እያለቀሱ ተቃቀፉ። ግሬሲያ ያን ጊዜ 34 ዓመት ሊሞላት ዘጠኝ ቀን ቀርቷታል፤ ኢንዶኔዥያም በዚያች ቀን በአምስቱም የባድሜንተን ዘርፎች የኦሊምፒክ ወርቅ ያላት አገር ሆነች። ለእኔ ግን ከወርቁ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ለንደንን ከቶኪዮ የለዩት ዘጠኝ ዓመታት ናቸው፤ በእነዚያ ዓመታት ሁለት ጊዜ ጓደኛ ለውጣ፣ ሁለት ጊዜ ከሰንጠረዡ ግርጌ ተነሥታለች።

ጁን 12 ቀን 2022 ጃካርታ በሚገኘው ኢስቶራ ሰናያን ስታዲየም በአገሯ ሕዝብ ፊት ስንብቷ ተደረገላት። በዚያው ቀን፣ በዚያው ሜዳ የኢንዶኔዥያ ማስተርስ የሴቶች ጥንድ ፍጻሜ ነበር፤ አፕሪያኒም ሲቲ ፋዲያ ከተባለች አዲስ ጓደኛዋ ጋር ቀርባ፣ በቶኪዮ ከግሬሲያ ጋር ሆና ባሸነፈቻቸው በቼን እና በጂያ ተሸነፈች። አሁን ታላቂቱ እርሷ ነበረች። በሚቀጥለው ወር አዲሶቹ ጥንዶች የማሌዥያን ኦፕን አሸነፉ።