ኒያማታ ላይ የሳቅኩት ሳቅ

እሺ... እየቀዳ ነው መሰለኝ። ቀይዋ በርታለች። ደህና ናችሁ ቤተሰብ? እንደተለመደው ቁም ሳጥን ውስጥ ነኝ። ዶሮው ከተሰማችሁም እንደተለመደው ነው፣ ከጎረቤት ጋር ገና አልታረቅንም።

ዛሬ የኪጋሊን ጉዞ በደንብ ላወራችሁ ነበር። ስለ ጽዳቱ፣ ስለ ሞተሮቹ፣ ሄልሜቱ በሹሩባዬ ላይ ስላደረሰው ግፍ። ጽፌውም ነበር፣ ወረቀቱ እዚሁ ጭኔ ላይ አለ። ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ነገር ብቻ እየተመላለሰብኝ ነው። እሱን ልናገረውና ይውጣልኝ። ከወጣልኝ።

ሳቅኩ። ይኸው ነው። መሳቅ በማይገባኝ ቦታ ሳቅኩ።

ኒያማታ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነው። ከኪጋሊ ወደ ደቡብ፣ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። የጡብ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፤ እኛ አገር ቢሆን የወረዳ አዳራሽ ነው ትሉታላችሁ። እኔን ደግሞ ታውቁኛላችሁ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚባል ነገር ካየሁ እግሬ ሳያማክረኝ ነው የሚቆመው። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር መፍታት ጀመርኩ። በሩን ልሳለም። አስጎብኚዋ፣ በእኔ ዕድሜ የምትሆን ሴት ናት፣ «ተይው፣ እዚህ አይቀደስም፤ መታሰቢያ ነው» አለችኝ። እኔ እንዳጎነበስኩ ነኝ። «ከየት ነሽ?» አለች። «ኢትዮጵያ!» አልኳት። ያቺ ሰው አገር ስንሄድ የምናወጣት ድምፅ አለች አይደል፣ ነፋ ያለችው? በእሷ።

«እ» አለች። «እኛን ወደ እናንተ ሊልኩን ነበር። በወንዝ።»

እና ሳቅኩ።

ምን መስሎኝ እንደሆነ ልንገራችሁ? የአየር መንገድ ቀልድ። አውሮፕላኑ እያለ በወንዝ ምን አደከማችሁ ልላት ሁሉ ነበር፤ እግዜር ይስጠው አፌን ያዘው። እሷም ፈገግ አለች። ወይም እኔ ነኝ ፈገግ አለች የምለው። እዚህ ጋ ነው የምቆመው፣ ማታ ማታ። ፈገግ ብላለች? ወይስ እንግዳ ስለሆንኩ ፊቷን ሰበሰበችልኝ?

ከዚያ ገባን። መደገፊያ የሌላቸው አግዳሚ ወንበሮች አሉ፤ በሁሉም ላይ ልብስ ተቆልሏል። በፈረንጆቹ 1994 የሁቱ ጽንፈኞች ቱትሲዎችን በጨረሱበት የሩዋንዳ ጭፍጨፋ የሞቱት ሰዎች ልብስ ነው። ቀለሙ ጠፍቶ ሁሉም አንድ ዓይነት አፈር መስሏል። ቀና ስትሉ ጣሪያው በፍንጣሪ ተበሳስቷል፣ በቀዳዳው ሁሉ ፀሐይ ይገባል። ያምራል ልበላችሁ? ያምራል። ማማሩ ራሱ አናደደኝ። እዚያ ግቢ ውስጥ ወደ 10,000 የሚጠጉ ሰዎች ነበሩ ይላሉ። የነጠላዬ ጫፍ አንዱን ልብስ ነካው። ሳላስበው «ይቅርታ» አልኩ። በአማርኛ። ለልብሱ።

ስወጣ የጎብኚዎች መዝገብ አለ። ስም፣ ፊርማ፣ አገር። አገር የሚለው ላይ ትልቅ አድርጌ ጻፍኩ።

ስንመለስ ድልድዩ ላይ ሾፌሩ ነው የነገረኝ። ኒያባሮንጎ ወንዝ። ጠዋት ስናልፍ ቪዲዮ ቀርጬዋለሁ፣ ቡና የመሰለ ውሃ፤ አይታችሁታል፣ ልብም አድርጋችሁበታል። ለካ በፈረንጆቹ ኅዳር 1992፣ ሌዮን ሙጌሴራ የሚባል የገዢው ፓርቲ ሰው ካባያ በሚባል ቦታ ሕዝብ ሰብስቦ ስለ ቱትሲዎች ሲናገር፣ አገራችሁ ኢትዮጵያ ነው፣ በኒያባሮንጎ በኩል በአቋራጭ እንልካችኋለን ብሎ ነበር። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ሬሳው በዚያው ወንዝ ቪክቶሪያ ሐይቅ ድረስ ወረደ። ሰውየው ኋላ ከካናዳ ተመልሶ በ2016 ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል።

ደግሞ እኮ ያ ወንዝ እኛ ጋ አይደርስም። ወደ ነጭ ዓባይ ነው የሚሄደው፤ ከእኛው ጋር የሚገናኘው ካርቱም ነው። ይህን ሌሊት ላይ ካርታ ከፍቼ እያየሁ ነበር። ምን ይጠቅመኛል? እንጃ። የአገሬ ስም እዚያ ምን ሲሠራ እንደነበር ማወቅ ፈልጌ ይሆናል።

ወሬውን ሙጌሴራ አልፈጠረውም። ቱትሲዎች ከሰሜን፣ ከአቢሲኒያ የመጡ፣ ለመግዛት የተፈጠሩ የካም ዘሮች ናቸው የሚለውን ተረት ከቅኝ ገዢዎቹ ጋር ያስተማሩት የካቶሊክ ሚሲዮናውያኑ ናቸው፤ በትምህርት ቤታቸው። ቤልጅየሞች በ1930ዎቹ መታወቂያ ላይ ሁቱ፣ ቱትሲ ብለው ጻፉበት። ከነጻነቱ በፊት ደግሞ ያው ቤተ ክህነት ፊቱን አዙሮ የሁቱ ወገን ሆነ። በ1994 ከ10 ሰው 9ኙ ገደማ ክርስቲያን ነበር። የኪጋሊው ሊቀ ጳጳስ ለዓመታት የገዢው ፓርቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ አባል ነበሩ። ማዕከላዊ ኮሚቴ! ደርግ ያሳደገን ሰዎች ይህቺን ቃል ስንሰማ... ተዉት።

ሰው ለምን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጠ? በ1959 እና ከዚያ በኋላ በነበሩት ግድያዎች የሮጠ ተርፎ ስለነበረ ነው። ደጀ ሰላም የገባ አይነካም፣ እንደኛው። በ1994 ግን ገዳዩ ሰው የት እንደሚሰበሰብ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ኒያንጌ በሚባል ደብር ላይማ ቄሱ ራሱ፣ አታናሴ ሴሮምባ፣ ወደ 2,000 ሰው ውስጡ እያለ ሕንፃውን በዶዘር አስፈርሷል። ከዚያ ጣሊያን ሄዶ ቄስ ሆኖ ሲያገለግል ነበር! ሲቀድስ! በመጨረሻ አሩሻ፣ ታንዛኒያ ላይ፣ ለሩዋንዳ በተቋቋመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፣ በ2008፣ በይግባኝ።

ቆይ ግን። ፌሊሲታስ ኒዪቴጌካም አለች። ጊሴኒ በምትባል ከተማ፣ ሕይወቷን ለቤተ ክርስቲያን የሰጠች ሴት። ሁቱ ናት፣ ወንድሟ የጦር መኮንን፤ ውጪ ተርፊ ሲላት ካስጠለለቻቸው ጋር እሞታለሁ ብላ ሞተች። የቱ ነው ቤተ ክርስቲያን? እሷ ናት ወይስ ዶዘሩ? «ግለሰቦች ናቸው ያጠፉት፣ ቤተ ክርስቲያን አላጠፋችም» የሚለውን ፖፕ ዮሐንስ ጳውሎስም በ1996 ብለውታል። በ2016 የሩዋንዳ ጳጳሳት ይቅርታ ጠየቁ፣ በ2017 ፖፕ ፍራንሲስ ለቤተ ክርስቲያኒቱም ለልጆቿም ኃጢአት ይቅርታ ለመኑ። ሃያ ምናምን ዓመት። እኔ የበሶ ብርጭቆ ሰብሬ ለእማዬ ለመናገር ሁለት ቀን ፈጅቶብኝ ያውቃል፤ ግን ሃያ ምናምን ዓመት!

ሙሻካ የሚባል ደብር አለ፣ ደቡብ ምዕራብ በኩል። አባ ኡባልድ ሩጊራንጎጋ ያገለገሉበት፤ እናታቸውን የገደለውን ሰው ይቅር ብለው ልጆቹን ያስተማሩት፣ በ2021 ያረፉት። እዚያ የገደለ ሰው ዝም ብሎ አይቆርብም። ስድስት ወር ይማራል፣ የገደለበትን ቤተሰብ ሄዶ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ከዚያ በሕዝብ ፊት ይመለሳል። የእኛ ንስሐ በነጠላ ተሸፍኖ ነው፤ ለነፍስ አባቴ በጆሯቸው አንሾካሹካለሁ፣ ሃያ ስግደት ይሰጡኛል፣ ያማኋት ሴትዮ አታውቅም። እሷ ዘንድ ሂጂ ቢሉኝ እሄዳለሁ? አልሄድም። ደብር እቀይራለሁ፣ ሙች።

ግን ደግሞ ያቺ ልጇን ያጣች እናት፣ ሕዝብ ተሰብስቦ እያያት፣ ቄሱ ቆመው፣ ሰውየው ተንበርክኮ... አይሆንም ማለት ትችላለች? በእውነት? እንጃ። የቻሉም አሉ ይሆናል። እኔ እዚህ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጬ...

ጭፍጨፋው የተጀመረው በፈረንጆቹ ሚያዝያ 7 ቀን 1994፣ በእኛ መጋቢት 29። በዓለ ወልድ። እኛ ጾም ላይ ነበርን፣ እነሱ ፋሲካን ካከበሩ አራተኛ ቀናቸው። ፋሲካ አብረው ያስቀደሱ ሰዎች እኮ ናቸው፣ አንድ ወንበር ላይ፣ እዚያው ልብሱ ያለበት ወንበር ላይ...

ይኸው ዶሮው።

ለእማዬ ነገርኳት። ሳቁን። ዝም ብላ ቆየችና፣ «ልጅቷስ እንደማታውቂ አውቃለች?» አለችኝ። አላውቅም እማዬ። አላውቅም። ደጋግሜ የማስበው ፊቷን ነው፤ ግን አሁን አሁን ፊቷ እየጠፋኝ ነው፣ የጫማዬ ክር ብቻ ነው የሚታየኝ፣ በግማሽ የተፈታው። እንደዚያው ሆኜ እኮ ነው የገባሁት፣ አላሰርኩትም፣ ውስጥ ሁሉ ክሩን እየጎተትኩ...

ቪዲዮውን አላጠፋሁትም። የወንዙን። ላጥፋው ብዬ እከፍተዋለሁ፣ ከዚያ ደግሞ... ቆይ፣ በር ተንኳኳ መሰለኝ።