መርፌው ይቅደም፣ ስሙ ይከተል

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ እህቴ ልጅ ካርድ፣ ማለትም በድንገት ሲታመም ለጤና ባለሙያ ስለሚታይለት ወረቀት ላወራችሁ ነው።

ልጁ ከተወለደ ጀምሮ ከኩላሊቶቹ በላይ ያሉት አድሬናል የሚባሉት ዕጢዎች ኮርቲሶል የሚባለውን፣ ሰውነት ሕመምን የሚቋቋምበትን ሆርሞን በበቂ አያመነጩለትም። ረጅሙ የሕክምና ስሙ «ኮንጀኒታል አድሬናል ሃይፐርፕላዥያ» ነው። እንዲህ ሆኖ የሚወለደው ከ10,000 እስከ 20,000 ሕፃናት አንዱ ገደማ ነው። ኮርቲሶሉን የሚተካለትን ኪኒን በየቀኑ እየዋጠ ኳሱን ይጫወታል፤ ብታዩት ምንም አትሉትም። ጣጣው ሲያተኩሰው ነው። የእኛ ሰውነት ሲታመም ኮርቲሶሉን ራሱ ይጨምራል፣ የእሱ አይጨምርም፤ ስለዚህ ኪኒኑ በእጥፍ ወይም በሦስት እጥፍ ይሰጠዋል። ካስመለሰው ግን የዋጠው አልቆየለትም። ሃይድሮኮርቲሶን የሚባለውን የኮርቲሶል ምትክ ቶሎ በመርፌ ካላገኘ የደም ግፊቱና ስኳሩ ይወርዳል፣ ራሱን ይስታል።

እህቴ የምትኖረው ከቡሬ ወጣ ብላ ነው፤ ሐኪሙ ባሕር ዳር። ሌሊት የሚደርስላት ጤና ጣቢያው ነው። ተረኛዋ ሲስተር ይህን በሽታ ተምራው ይሆናል እንጂ በዓይኗ አላየችውም ይሆናል፤ አይፈረድባትም። ትኩሳትና ማስመለስ ስታይ ወባ ብትጠረጥር ማን ይቆጣታል?

እንግዲህ ካርዱ የሚጻፈው ለእሷ ነው፣ ለስፔሻሊስቱ አይደለም። የልጁ ካርድ በበሽታ ስም አይጀምርም። «ካስመለሰ ወይም ከደከመ ሃይድሮኮርቲሶን በመርፌ፣ አሁኑኑ፤ ሪፈር ከዚያ በኋላ» ይላል። ቀጥሎ መጠኑ፦ ከ3 ዓመት በታች 25 ሚሊ ግራም፣ ከ3 እስከ 12 ዓመት 50፣ ከዚያ በላይ 100። ከዚያ ሳላይንና ግሉኮስ፣ የጨውና የስኳር ፈሳሽ ማለት ነው። ያ ረጅም የበሽታው ስም ከታች ነው። የትውልድ ቀኑም በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፏል፤ በእኛና በፈረንጅ መካከል ያለው የ7 እና የ8 ዓመት ልዩነት ልጁን ከአንዱ መጠን ወደ ሌላው ያሻግረዋላ!

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2020 ለአዋቂዎች ያወጡት ካርድ በስልክ የሚነበብ ኮድ አለው። ደስ ይላል፤ ግን ጎጃም ውስጥ ኢንተርኔት ስንት ጊዜ ጠፍቶ እንደከረመ ታውቃላችሁ። ዋናው ነገር ወረቀቱ ላይ በቀለም ይቀመጥ።

እናታችን ካርዱን እንደ ክታብ አንገቱ ላይ ልታንጠለጥልለት ነበር፤ እህቴ አይሆንም አለች። አሁን ከጤና መድህን ደብተሩ ጋር በላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፣ ኮፒው መምህሩ ጋ አለ።

ካርድ የሚደብቁ እናቶችም አሉ፣ እውነት አላቸው። ይህ ሕመም ያለባት ሴት ልጅ አንዳንዴ ስትወለድ ብልቷ የወንድ ሊመስል ይችላል፤ በሽታው ከታወቀ ሐሜቱ ይከተላል። እኔ የምለው፣ ይህ ካርዱ ላይ ምን ይሠራል? መርፌው ያንን አይጠይቅም። «የአድሬናል ዕጢ ሕመም» ቢባል ለሲስተሯ ይበቃታል፣ ልጅቷም ገመናዋ አይወጣም።

አንድ የሚቀር ነገር አለ። መርፌው ጤና ጣቢያው ባይኖርስ? ካርዱ ብቻውን አያድንም። ስለዚህ ሐኪሙ ሲያዝ አንድ ብልቃጥ ለቤት እንዲጨምር ጠይቁት፤ የሚያበቃበትንም ቀን ካርዱ ጀርባ ላይ ጻፉት። በሉ፣ ደህና ሰንብቱ።